ዜና ወኪል የሚል ሰሌዳ የሰቀለው ቆንስላ

በሆንግ ኮንግ ደሴት፣ ሃፒ ቫሊ ከሚባለው የፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ አጠገብ፣ ዛሬ በሆቴልነት የሚያገለግል አንድ ረጅም ሕንፃ አለ። ወደ ጓንዡ ለንግድ ከሚመላለሱት ወገኖቻችን መካከል ያደሩበት ሳይኖሩ አይቀሩም። ሕንፃው ሆቴል ከመሆኑ በፊት ለረጅም ዓመታት የሺንዋ ዜና ወኪል የሆንግ ኮንግ ቅርንጫፍ ነበር። በውስጡ ዜና የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። ዜና መጻፍ ግን ከቤቱ ሥራዎች ሁሉ ትንሹ ነበር ማለት ይቻላል። የቅርንጫፉ ዳይሬክተር የሚባሉት ሰው ዜና ሲያርሙ አይውሉም፤ የቤጂንግን ቃል ለእንግሊዙ አገረ ገዥ ያደርሳሉ፣ የአገረ ገዥውን መልስ ወደ ቤጂንግ ይልካሉ፣ የከተማዋን ባለሀብቶች እራት ይጋብዛሉ፣ ቅሬታ ይቀበላሉ፣ አንዳንዴም ያስፈራራሉ። በተግባር አምባሳደር፣ በወረቀት ግን የጋዜጠኞች አለቃ ነበሩ።

ይህን ርዕስ እንዳነሳ ያደረገኝ አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄ ነው። «አንድ አገር የራሴ ነው በሚለው፣ ነገር ግን ሌላ አገር በሚገዛው መሬት ላይ ቆንስላ መክፈት ይችላል?» ሲል ጠየቀኝ። ሲሰሙት የሕግ ጥያቄ ይመስላል። ታሪኩን ሲመረምሩት ግን ከሕግ ይልቅ የጉርብትና ጉዳይ ሆኖ ይገኛል፤ እንደ ሆንግ ኮንግ አፍረጥርጦ የሚያሳይ ምሳሌም ያለ አይመስለኝም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለ ቆንስላ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። አምባሳደር ከመንግሥት ወደ መንግሥት የሚላክ ሰው ነው፤ መቀመጫውም ዋና ከተማ ነው። ቅኝ ግዛት የራሱ መንግሥት ስለሌለው አምባሳደር አይላክለትም። የውጭ ጉዳዩን የሚጨርስለት ገዥው አገር ነው። በቅኝ ግዛት ውስጥ በይፋ ሊቀመጥ የሚችለው የውጭ ተወካይ እንግዲህ ቆንስል ነው። ቆንስል የዜጎቹን ፓስፖርት ያድሳል፣ የታሰሩትን ይጠይቃል፣ የነጋዴዎቹንና የመርከቦቹን ጉዳይ ይከታተላል፤ በፖለቲካ እጁን እንዲያስገባ አይጠበቅም። በ1963 በቪየና የተፈረመው የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት የቆየውን ልማድ በጽሑፍ ሲያሰፍር ለተቀባዩ አገር ሁለት መብቶችን አስቀምጧል። አንደኛ፣ ቆንስላ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ አይከፈትም። ሁለተኛ፣ የተላከው ሰው ካልተፈለገ ተቀባዩ አገር ምክንያቱን ሳይናገር «አልቀበልም» ወይም «ውሰዱልኝ» ማለት ይችላል። ይህንን ሁለተኛውን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የታሪኩ ቁልፍ እሱ ነውና።

ችግሩ የሚመጣው ቆንስል ላኪው ጎረቤት ሲሆንና የቅኝ ግዛቱም ሕዝብ የዚያው ጎረቤት ወገን ሲሆን ነው። የስዊድን ቆንስል በሆንግ ኮንግ ቢቀመጥ የሚጠብቀው ጥቂት ስዊድናውያንን ነው። የቻይና ቆንስልስ? ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ነዋሪ ቻይናዊ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የእንግሊዝ ዘውድ ተገዢ የትኛው፣ የቻይና ንጉሠ ነገሥት ተገዢ የትኛው እንደሆነ በውል የሚያውቅ አልነበረም። ጠዋት ድንበር ተሻግሮ ማታ የሚመለሰው ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚቀመጥ ቆንስል፣ ቢወድም ባይወድም፣ የሕዝቡ ሹም ሆኖ ይታያል።

እንግሊዞች ይህንን ገና ከጥዋቱ ተረድተውት ነበር። ደሴቷን በ1842፣ ከማዶ ያለውን ካውሉንን በ1860 ከወሰዱ በኋላ፣ በ1877 ለንደን የገቡት የመጀመሪያው የቻይና መልእክተኛ ጉዎ ሶንግታኦ ብዙ ቻይናውያን በሚኖሩባቸው የእንግሊዝ ግዛቶች ቆንስላ እንዲከፈት ጠየቁ። ለሲንጋፖር ተፈቀደ፤ በዚያ የሚኖር አንድ ሀብታም ቻይናዊ ነጋዴም የመጀመሪያው ቆንስል ሆነ። ለሆንግ ኮንግ ግን አልተፈቀደም። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ጥያቄው እንደገና ሲቀርብ የለንደን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዘብ ብሎ ነበር፤ ነገሩን ያከሸፉት በሆንግ ኮንግ ያሉት ሹማምንትና የቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤቱ ናቸው። የሲንጋፖር ቻይናዊ አገሩ ሩቅ ነው። የሆንግ ኮንጉ ቻይናዊ አገሩን በመስኮት ያየዋል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ቆንስላው ቢከለከልም ቻይና ከቅኝ ግዛቱ አልጠፋችም። እንዲያውም የዚህ ታሪክ አስቂኝ ገጽታ፣ በር በተዘጋ ቁጥር ሌላ በር መከፈቱ ነው። በ1887 የካውሉን ጉምሩክ የሚባለው የቻይና መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲቋቋም ዋና ጽሕፈት ቤቱ የተከፈተው በሆንግ ኮንግ ደሴት ላይ ነበር፤ የሚመራውም በቻይና መንግሥት የተቀጠረ እንግሊዛዊ ነው። በ1898 ደግሞ እንግሊዞች በስተሰሜን ያለውን ሰፊ መሬት ለ99 ዓመት ሲከራዩ፣ በካውሉን የነበረችው በግንብ የታጠረች ትንሽ መንደር የቻይና ሹማምንት እንደያዟት እንድትቀጥል በውሉ ተጻፈ። ሹማምንቱ ግን አንድ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም፤ በ1899 በወታደር ተባረሩ። ቻይና መባረራቸውን አልተቀበለችም። እንግሊዞችም ቦታውን በሙሉ ልብ አላስተዳደሩትም። ውጤቱ ምን ሆነ? ሁለት መንግሥት የሚጠይቀው፣ አንድም የማያስተዳድረው መንደር ሆነ። በ1948 የቅኝ ግዛቱ ፖሊስ ነዋሪዎችን ለማስነሳት ሲሞክር በጓንዡ (ያኔ ካንቶን) የነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ በተቆጡ ሰዎች ተቃጠለ። እስኪፈርስ ድረስ፣ ማለትም እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከሦስት ሄክታር በማይበልጠው በዚያ ቦታ ወደ 33 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተፋፍጎ ይኖርበት ነበር።

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። ኮሚኒስቶቹ በሆንግ ኮንግ ቢሮ የከፈቱት ቻይናን ከመያዛቸው ከ11 ዓመት በፊት፣ በጃፓን ጦርነት ጊዜ፣ በ1938 ነው። የእንግሊዝ መንግሥት አውቆ በዝምታ ፈቀደ፤ ሆኖም ጃፓንን ላለማስቆጣት ስሙ እንዲደበቅ ፈለገ። ስለዚህ የስምንተኛው ጦር ጽሕፈት ቤት የሻይ ቅጠል የጅምላ ንግድ ድርጅት የሚል ስም ይዞ ሥራ ጀመረ። የኋላው ዜና ወኪል አባት የሻይ ቅጠል መደብር ነው ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ፣ በግንቦት 1947፣ ሺንዋ የሆንግ ኮንግ ቅርንጫፉን ከፈተ። የመጀመሪያው ኃላፊ ቺያኦ ጓንሁዋ ሲሆኑ በኋላ በ1970ዎቹ የቻይና ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። ከመነሻው የተላከው ተራ ጋዜጠኛ እንዳልነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በዚያው ወቅት በከተማዋ ሌላ ቻይናዊ ተወካይ ነበር። የቺያንግ ካይ ሼክ መንግሥት ከ1945 ጀምሮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ልዩ ኮሚሽነር የሚል ማዕረግ ያለው ሰው በሆንግ ኮንግ አስቀምጦ ነበር። ቆንስል አልተባለም፤ ቆንስል የሚሾመው በባዕድ አገር ነዋ! ኮሚሽነር የሚለው ቃል ግን «የራሴ ግዛት ውስጥ የሚሠራ ባለሥልጣን» የሚል ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። የአንዲት ቃል ምርጫ ሙሉ የፖለቲካ አቋም ትሸከማለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

እንግሊዝ በጥር 1950 ለኮሚኒስቱ መንግሥት ዕውቅና ስትሰጥ የኮሚሽነሩ ወንበር ባዶ ሆነ። ቤጂንግም በተራዋ በ1950ዎቹ ውስጥ የራሷን ሰው በይፋ ማስቀመጥ እንደምትፈልግ ገለጸች። አገረ ገዥው አሌክሳንደር ግራንታም አጥብቀው ተቃወሙ። ሥጋታቸው ግልጽ ነው፤ የቻይና መንግሥት ባንዲራ የሚውለበለብበት ጽሕፈት ቤት ከተከፈተ ሕዝቡ አቤቱታውን ወደዚያ ይወስዳል፣ በአንድ ከተማ ሁለት አገረ ገዥ ይሆናል። ለንደንም ተስማማች፤ ጥያቄው ውድቅ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የእንግሊዝ እምቢታ ብቻ ሊመስል ይችላል። የሚገርመው ግን ቤጂንግም በሌላ ምክንያት ከዚህ ሁኔታ ተጠቃሚ መሆኗ ነው። ቻይና ሆንግ ኮንግን የሰጡትን ውሎች እኩልነት የጎደላቸው ናቸው፣ አላውቃቸውም ትላለች። ታዲያ እንደ ማንኛውም የውጭ አገር ቆንስላ ለመክፈት ብትስማማ፣ ከእንግሊዝ ንግሥትም የሥራ ፈቃድ ደብዳቤ ብትቀበል ሆንግ ኮንግን ባዕድ አገር አደረገቻት ማለት አይደለም? ዜና ወኪል ግን እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። በገዛ አገሩ ክፍለ ሀገርም፣ በባዕድ ከተማም ቅርንጫፍ መክፈት ይችላል። ሁለቱም ወገኖች በተቃራኒ ምክንያት አንዱን ውሸት ወደዱት። እንግሊዝ «የቻይና ተወካይ የለም» ለማለት፣ ቻይና ደግሞ «በራሴ መሬት ተወካይ ምን ያስፈልገኛል» ለማለት።

አሠራሩን መመልከት ደስ ይላል። የሺንዋ ዳይሬክተር በሕዝብ ፊት የማይነገር ሌላ ሹመት ነበረው፤ የኮሚኒስት ፓርቲው የሆንግ ኮንግና የማካው የሥራ ኮሚቴ ጸሐፊ ነው። በቅርንጫፉ ውስጥ ከዜናው ክፍል ጎን ለጎን የውጭ ጉዳይ፣ የኢኮኖሚ፣ የባህል፣ የፕሮፓጋንዳ ክፍሎች ተደራጅተው ነበር። ከሆንግ ኮንግ ወደ ቻይና ሕዝብ ምክር ቤት የሚላኩትን ሰዎች ጉዳይ የሚያስተባብረውም ይኸው «ዜና ወኪል» ነው። የኤምባሲው ሌሎች ሥራዎች በከተማዋ በተበተኑ ድርጅቶች ተሸፍነዋል። የገንዘቡን ጉዳይ የቻይና ባንክ ይይዘዋል። የንግድ አታሼውን ሥራ ቻይና ሪሶርስስ የተባለው ኩባንያ ይሠራል፤ ከዋናው ምድር የሚመጣው ሥጋና አትክልት ሳይቀር በእሱ በኩል ያልፋል። የቆንስላው መስኮት ደግሞ የቻይና የጉዞ አገልግሎት ነው፤ ወደ ዋናው ምድር የሚሄደው የሆንግ ኮንግ ቻይናዊ የይለፍ ወረቀቱን ለማውጣት የሚሰለፈው እዚያ ነበር። አንድ ኤምባሲ በአራት ሱቅ ተከፋፍሎ መንገድ ዳር ተሰጥቷል ማለት ነው።

በእንግሊዝ በኩልም እንዲሁ ነው። የሺንዋን ዳይሬክተር አገረ ገዥው ራሱ እንደ ዲፕሎማት ቢቀበለው ዕውቅና ይሆንበታል። ስለዚህ ከ1947 ጀምሮ «የፖለቲካ አማካሪ» የሚባል ሰው ከለንደን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በውሰት እየመጣ በአገረ ገዥው ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል። ከሺንዋ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። አማካሪ ያልሆነ አማካሪ፣ ጋዜጠኛ ካልሆነ ጋዜጠኛ ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ድንበር፣ ስለ ስደተኛ፣ ስለ እስረኛ ይነጋገራል። በሰላም ጊዜ ይህ አያያዝ ከብዙ ኤምባሲዎች የተሻለ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። ማንም ለሕዝብ መግለጫ መስጠት ስለማይጠበቅበት ክብሩን ሳይነካ ወደ ኋላ መመለስ ይችላል።

ችግሩ ሰላም ሲደፈርስ ነው። ሽፋን የሚያለብሰው ሰውን ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ሰው ነው። ሁዋንግ ዞሜይ የሺንዋን ቅርንጫፍ ይመሩ የነበሩ ሰው ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጃፓን ጋር ሲዋጉ ከእንግሊዞች ጎን ለሠሩት ሥራ የእንግሊዝ መንግሥት ኒሻን ሸልሟቸዋል። በሚያዝያ 1955 ወደ ባንዱንግ ጉባኤ የሚሄደውን የቻይና ልዑክ ጭኖ ከሆንግ ኮንግ የተነሳው የኤር ኢንዲያ አውሮፕላን ባሕር ላይ ፈንድቶ ሲወድቅ ሁዋንግ ከሞቱት 16 ሰዎች አንዱ ሆኑ። ፈንጂው የተጠመደው በሆንግ ኮንግ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በጥርጣሬ ይፈለግ የነበረው የጽዳት ሠራተኛ ወደ ታይዋን አመለጠ። ዒላማው ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይ እንደነበሩ ይታመናል፤ እሳቸው በዚያ አውሮፕላን አልተሳፈሩም።

ከዚህ የከፋው የ1967ቱ ነው። በግንቦት በአንድ የፕላስቲክ አበባ ፋብሪካ የተነሳ የሠራተኞች ጠብ ወደ አመፅ ተለወጠ፤ የባህል አብዮቱ ነበልባል ድንበሩን ተሻግሮ ነበርና። ሰልፉ፣ አድማው፣ በኋላም በየመንገዱ የሚጠመደው ቦምብ ለወራት ዘለቀ፤ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሐምሌ የቅኝ ግዛቱ ፖሊስ ሹዌ ፒንግ የተባለ የሺንዋ ዘጋቢ ከረብሻው ጋር በተያያዘ አስሮ ፍርድ ቤት አቀረበው፤ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ለእንግሊዞች ይህ ተራ የወንጀል ጉዳይ ነው። ሰውየው ጋዜጠኛ ነው፣ ዲፕሎማት አይደለም፣ ያለመከሰስ መብት የለውም። በወረቀት ፍጹም ትክክል ናቸው።

ቤጂንግም በወረቀት መለሰች። የእናንተ ሰው ጋዜጠኛ ከሆነ እዚህም የእናንተ ጋዜጠኛ አለ። ከፍርዱ በኋላ የሮይተርስ ዘጋቢ የነበረው የ29 ዓመቱ አንቶኒ ግሬይ ከቤቱ እንዳይወጣ ታገደ። በነሐሴ ቀይ ዘቦች ቤቱን ወርረው ፊቱን ቀለም ቀቡት፣ ድመቱን ገደሉበት። በአንዲት ጠባብ ክፍል ተዘግቶበት ቆየ። የተፈታው በጥቅምት 1969፣ በሆንግ ኮንግ ታስረው የነበሩት የግራው ጎራ ጋዜጠኞች ከተለቀቁ በኋላ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ! አንድም ቀን በሆንግ ኮንግ ጉዳይ ላይ እጁን ያላስገባ ሰው። በዚያው ነሐሴ 22 ቀን፣ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት የዘጋቸውን ሦስት ጋዜጦች በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲከፍት የተሰጠው ቀነ ገደብ ሲያልፍ፣ በቤጂንግ የእንግሊዝ ጉዳይ ፈጻሚ ጽሕፈት ቤት ተቃጠለ፤ ሠራተኞቹም ተደበደቡ።

አሁን በልብ ይያዝ ወዳልኩት ነጥብ እመለሳለሁ። በከተማዋ እውነተኛ የቻይና ቆንስላ ቢኖር ኖሮ እንግሊዝ ምን ታደርግ ነበር? ዘጋቢውን ከማሰር ይልቅ የቆንስላ ሠራተኛ የሆነውን «በ48 ሰዓት ውስጥ አገር ልቀቅ» ትለዋለች። ቻይናም በአጸፋው አንድ እንግሊዛዊ ዲፕሎማት ታባርራለች። ሁለት ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየአገራቸው ይገባሉ፤ ጉዳዩ በዚያ ያበቃል። ዲፕሎማሲ ለዚህ የሚሆን የታወቀ መተንፈሻ አለው። ለዜና ወኪል ግን መተንፈሻው አልተሠራም፤ ያለው ምርጫ ዝም ማለት ወይም ማሰር ነው። እንግሊዞች ሁለተኛ አገረ ገዥ እንዳይመጣባቸው ብለው ቆንስላውን ከለከሉ። የመጣባቸው ግን ሊያባርሩት የማይችሉት ሁለተኛ አገረ ገዥ ነው። በእኔ ግምት የክልከላው ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የእንግሊዞች ብልሃት ተደርጎ ሲወደስ ስለምሰማ ነው ይህን የምለው።

ጎረቤቷን ማካውን ያየ ደግሞ የባሰም እንዳለ ይረዳል። ገዥዋ ፖርቱጋል ከቤጂንግ ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የመሠረተችው በ1979 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት 30 ዓመታት የቻይና ተወካይ ሆኖ የሠራው በ1949 የተቋቋመ ናም ኳንግ የተባለ የንግድ ኩባንያ ሲሆን፣ የንግድ ምክር ቤቱ ሊቀመንበር ሆ ዪንም በሁለቱ መካከል አስታራቂ ነበሩ። በታኅሣሥ 1966 በአንድ ትምህርት ቤት ግንባታ ፈቃድ የተነሳ ጠብ 8 ሰዎች ሲሞቱበት፣ የፖርቱጋሉ አገረ ገዥ በጥር 1967 ወደ ንግድ ምክር ቤቱ ሄደው፣ በማኦ ምስል ሥር፣ የይቅርታ ሰነድ ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ማካውን ማን ያስተዳድር እንደነበር ለማንም ግልጽ ነው።

የእኛም አካባቢ ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ አላመለጠም። ኤርትራ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ በ1946፣ ኮሎኔል ነጋ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያ መንግሥት የግንኙነት መኮንን ሆነው አስመራ ተቀመጡ። ማዕረጋቸው ቆንስል አይደለም፤ ኢትዮጵያ የራሴ አካል ናት በምትለው ምድር ቆንስል ልትሾም አትችልም። እንግሊዞችም በበኩላቸው «ግንኙነት» የምትለው ቃል ሰውየውን በልክ ታቆየዋለች ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። አላቆየችውም። ጽሕፈት ቤቱ የአንድነት ማኅበሩ ዋነኛ ደጋፊ ነበር። ከሆንግ ኮንግ ጋር ያለው ልዩነት፣ የአስመራው ወንበር በይፋ የታወቀ መሆኑና ዕድሜውም አጭር መሆኑ ነው፤ በ1952 ፌዴሬሽኑ ሲመጣ ነገሩ መልኩን ለወጠ።

ወደ ሆንግ ኮንግ ስንመለስ፣ የውሸቱ መጨረሻ የተጀመረው በ1972 ነው። ቻይና በተባበሩት መንግሥታት መቀመጫዋን እንዳገኘች ሆንግ ኮንግና ማካው ከቅኝ ግዛቶች ዝርዝር እንዲወጡ ጠየቀች፤ ጠቅላላ ጉባኤውም ተቀበለ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ወረቀት ሥራ አልፎታል። ትርጉሙ ግን ከባድ ነው። በዝርዝሩ ላይ ያለ ግዛት የራሱን ዕድል በራሱ የመወሰን ጥያቄ ማንሳት ይችላል፤ የወጣ ግን የሁለት መንግሥታት ጉዳይ ይሆናል።

ውጤቱ በ1983 ታየ። በሰኔ መጨረሻ ሹ ጃቱን የተባሉ አዲስ የሺንዋ ዳይሬክተር ሆንግ ኮንግ ገቡ። ሰውየው የጂያንግሱ ክፍለ ሀገር የፓርቲ አንደኛ ጸሐፊ የነበሩ ናቸው፤ አንድ ክፍለ ሀገር ሲያስተዳድሩ ኖረው የዜና ወኪል ቅርንጫፍ ኃላፊ ሆኑ ሲባል ማንም «ዕድገት ነው ወይስ ሽረት?» ብሎ አልጠየቀም። ሁሉም ገብቶታል። በሳምንቱ፣ አገረ ገዥው ኤድዋርድ ዩድ በቤጂንጉ ድርድር ማንን እንደሚወክሉ ተጠይቀው የሆንግ ኮንግን ሕዝብ እንደሚወክሉ ተናገሩ። ቤጂንግ ወዲያውኑ አስተባበለች፤ አገረ ገዥው የእንግሊዝ ልዑክ አባል እንጂ የሕዝቡ ተወካይ አይደሉም አለች። ዴንግ ዢያኦፒንግም ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚባል ነገር እንደማይቀበሉ አስታወቁ፤ ሁለት እግር፣ ሁለት መንግሥት ብቻ።

ከ5 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው የሆንግ ኮንግ ሕዝብ እንግዲህ የት ነበር? አገረ ገዥውን አልመረጠም። የሺንዋን ዳይሬክተርም አልመረጠም። አንዱ «እኔ ነኝ የምወክልህ» ይለዋል፣ ሌላው «ወገንህ እኔ ነኝ» ይለዋል። ያ ሁሉ የማዕረግና የሰሌዳ ክርክር፣ ቆንስል ይባል ኮሚሽነር፣ ይህን ሕዝብ ማን ይጠይቀው የሚል ጥያቄ ጨርሶ አልነበረበትም። ጠበቆቹ፣ ሐኪሞቹ፣ የባንክ ባለሙያዎቹ በብዛት ለካናዳና ለአውስትራሊያ ቪዛ መሰለፍ የጀመሩት በዚህ ወቅት መሆኑ አያስገርምም። የጋራ መግለጫው በታኅሣሥ 1984 ተፈረመ፤ የርክክቡ ቀን ሐምሌ 1 ቀን 1997 ሆነ።

ከፊርማው በኋላ ሺንዋ መደበቁን ተወ ማለት ይቻላል። ሹ ጃቱን በ1985 በደሴቲቱ፣ በካውሉንና በሰሜኑ ክፍል የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ከፈቱ። ከባለሀብት ጋር ይመገባሉ፣ ከምሁራን ጋር ይከራከራሉ፣ ለጋዜጠኛ ይናገራሉ። የሚገርመው፣ ከሁሉም ዳይሬክተሮች ይልቅ ከተማዋን ለመረዳት የሞከሩት እሳቸው መሆናቸው ነው። በ1989 የጸደይ ወራት ቤጂንግ ውስጥ ተማሪዎች ሲሰለፉ የሆንግ ኮንግ ሕዝብ ተቃውሞውን ይዞ የሄደው ወደ አገረ ገዥው ግቢ አልነበረም፤ ወደ ሺንዋ ሕንፃ ነበር። ግራንታም ከ30 ዓመት በላይ በፊት የፈሩት ነገር ያለ ባንዲራና ያለ ቆንስላ ተፈጸመ። ሹ ለሰልፈኞቹ ርኅራኄ በማሳየታቸው ቤጂንግ ፊቷን አዞረችባቸው። በ1990 በጡረታ ተነሱ፤ በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያው ቀሩ። በ1991 ከፓርቲው ተባረሩ። አገራቸውን ሳያዩ በ2016 በመቶ ዓመታቸው በሎስ አንጀለስ ሞቱ። ተተኪያቸው ዦ ናን በ1984ቱ ድርድር የቻይናን ልዑክ የመሩ ባለሙያ ዲፕሎማት ነበሩ፤ ከዜና ሥራ ጋር ያላቸው ግንኙነት የቢሮአቸው ስም ብቻ ነው።

ከርክክቡ በኋላም ስሙ ወዲያው አልተለወጠም። የቻይና ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ እንኳ ለሁለት ዓመት ተኩል የማዕከላዊው መንግሥት ወኪል «ሺንዋ» እየተባለ ቆይቷል። ልማድ ኃይለኛ ነው። በጥር 2000 መሥሪያ ቤቱ የማዕከላዊ ሕዝባዊ መንግሥት የግንኙነት ጽሕፈት ቤት ተባለ፤ ዜና ወኪሉም ራሱን ችሎ እውነተኛ ዜና ወኪል ሆነ። አዲሱ ስም ሥልጣኑን በግልጽ ስለተናገረ ቁጣውንም በግልጽ ተቀብሏል። በሐምሌ 2019 ተቃዋሚዎች የከበቡትና የበሩን አርማ በቀለም ያበላሹት ይህንኑ ጽሕፈት ቤት ነው።

ቹ ኤን ላይ በዘመናቸው የጠየቁት ወንበርስ የት ደረሰ? ሐምሌ 1 ቀን 1997፣ እንግሊዞች በለቀቁበት ዕለት፣ የቻይና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በሆንግ ኮንግ ተከፈተ። የመጀመሪያው ኮሚሽነር ማ ዩዠን ከጥቂት ዓመታት በፊት በለንደን የቻይና አምባሳደር የነበሩ ሰው ናቸው።